ደብዳቤው የሚኖረው የት ነው?
ኢ-ሜይልን በሰርቨር ላይ ስለማቆየት

እንደ አውትሉክና ተንደርበርድ ባሉ በግል ኮምፒዩተር ላይ በሚጫኑ ፕሮግራሞች ኢ-ሜይል የሚያነብ ሰው፣ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ደብዳቤ ብቸኛው ቅጂ ይሁን ወይም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ደብዳቤ ግልባጭ በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ልዩነቱ የሚገለጠው ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ወይም ኮምፒዩተሩ በተሰረቀ ዕለት ነው። ያን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ እርማቶችና የነፃ ትምህርት ዕድል ምላሾች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ኢ-ሜይል ከላኪው ከተነሣ በኋላ በቅድሚያ የሚያርፈው ዘወትር ሥራ ላይ በሚገኝ ሰርቨር ነው። ከዚያ ወደ ተቀባዩ ኮምፒዩተር የሚደርስበትን ሥርዓት የሚወስነው ፕሮቶኮል የተባለው የመግባቢያ ደንብ ሲሆን፣ በሰፊው የሚሠራባቸው ፖፕና አይማፕ ናቸው።

ፖፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ሦስተኛው እትሙ (ፖፕ3) በ1988 ተከተለ። የታሰበውም ከኔትዎርክ ጋር ለረጅም ጊዜ ተገናኝተው መቆየት ለማይችሉ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ነው። አሠራሩ ከፖስታ ሣጥን ጋር ይመሳሰላል፤ ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤዎቹን ይወስዳል፣ ሣጥኑም ባዶ ይቀራል። ፕሮግራሙ «ሰርዝ» ቢልም ሰርቨሩ ደብዳቤውን የሚያጠፋው «ጨርሻለሁ» የሚለው ትእዛዝ ሲደርሰው ብቻ ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ወይም መስመር ቢቋረጥ ምንም አይሰረዝም።

ፕሮግራሞቹ «ቅጂውን በሰርቨር ላይ ተው» የሚል ምርጫም አላቸው። ይህ ሲመረጥ የስረዛው ትእዛዝ አይላክም፤ ፕሮግራሙም ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በሚሰጠው ልዩ መለያ አማካይነት አስቀድሞ የወሰደውን ካልወሰደው ይለያል። ሆኖም መፍትሔው ሙሉ አይደለም። ፖፕ የሚያውቀው የገቢ ደብዳቤዎችን ሣጥን ብቻ ስለሆነ፣ በቤት የተነበበው በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ እንዳልተነበበ ሆኖ ይታያል፤ ከአንዱ ኮምፒዩተር የተላከውም ምላሽ በሌላው ላይ አይገኝም።

ይህን ችግር የሚያቃልለው ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነደፈው አይማፕ ነው። አይማፕ የሚመስለው መዝገብ ቤትን ነው፤ ፋይሉ ከመደርደሪያው አይወጣም፣ አንባቢው ግን እዚያው ያነበዋል፣ ምልክት ያደርግበታል፣ ወደ ሌላ አቃፊ ያዛውረዋል። «ተነቧል» እና «መልስ ተሰጥቶታል» የሚሉት ምልክቶች በሰርቨሩ ላይ ስለሚመዘገቡ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። በተጨማሪም የላኪውን ስም፣ ርእሱንና ቀኑን ብቻ አስቀድሞ ማምጣትና ከባዱን አባሪ ፋይል እስኪፈለግ ድረስ መተው ይቻላል፤ ይህ በዝግተኛ መስመር ለሚገለገል ሰው ትልቅ ጥቅም ነው።

ይሁንና ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው የቦታ ጉዳይ ነው። አባሪ ፋይል በኢ-ሜይል ሲላክ በአብዛኛው እያንዳንዱ 3 ባይት በ4 የፊደል ምልክቶች ስለሚጻፍ መጠኑ በሲሶ ይጨምራል። በመሆኑም የ3 ሜጋባይት ፎቶግራፍ በሰርቨሩ ላይ ከ4 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ 400 ሜጋባይት የተመደበለት ሣጥንም 100 ፎቶግራፍ ሳይደርስ ይሞላል። ሁለተኛው ደግሞ አይማፕ መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑ ነው። በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ደብዳቤ ከሰርቨሩም ስለሚሰረዝ ከሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎች በየጊዜው ወደ ኮምፒዩተሩ የግል አቃፊ፣ ከዚያም ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ከፖፕ ወደ አይማፕ መዛወር የሚፈልግ ሰው የቀድሞውን አካውንት ከፕሮግራሙ ላይ አስቀድሞ ማጥፋት የለበትም። ያንኑ አድራሻ በአይማፕ እንደ አዲስ ይመዝግብ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉትን የቆዩ ደብዳቤዎች በሰርቨሩ ላይ ወዳሉት አቃፊዎች ይገልብጥ፤ መድረሳቸውንም ከሌላ ኮምፒዩተር ያረጋግጥ። የይለፍ ቃሉ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ በምስጢር የተቆለፈውን ግንኙነት ይምረጥ፤ የተለመደው የፖርት ቁጥር ለአይማፕ 993፣ ለፖፕ 995 ነው።

በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ደብዳቤ፣ ቦታው የግል ኮምፒዩተርም ይሁን ሰርቨር፣ በአንድ ብልሽት ሊጠፋ ይችላል። አንባቢ ዛሬውኑ የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፍቶ ደብዳቤዎቹ በስንት ቦታ እንደሚገኙ ቢመረምር ከብዙ ጸጸት ይድናል።