ነጋዴው ማን ነው?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው። የደብረ ዘይት መንገድ በጎተራና በሳሪስ፣ የጅማ መንገድ በጀሞ በኩል ከተማውን ለቅቀው ይወጣሉ። ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር መንገደኞቹን በለቡ ጣቢያ ያሳፍራል። እህሉ፣ ቡናው፣ ሽንኩርቱ በእነዚህ በሮች ይገባል፤ ሸቀጡ ይወጣል። ይህን ሁሉ ግርግር በአንድ ቃል ንግድ እንለዋለን።

ቃሉ ድሮውንም የመንገድ ዘመድ ነው። በግእዝ «ነገደ» ማለት ሸጠ ለወጠ ብቻ አይደለም፤ ሄደ፣ ተጓዘም ነው። «ነጋዲ» መንገደኛም፣ ተሳላሚም፣ ነጋዴም ይሆናል። «መንገድ» ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ «እንግዳ»ም እንዲሁ። ትግርኛ እስከ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል የሚደረገውን ጉዞ «ንግደት» ይለዋል። እንግዲህ በጥንቱ ስሜት ነጋዴ ማለት ርቆ ሄዶ የሚመለስ ሰው ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጨው የሚሰፍረው ሌላ ስም ይፈለግለታል።

ርቆ የሚሄደው ነጋዴ ሲራራ ይባል ነበር፤ በቅሎና አህያ ጭኖ፣ ኬላ በኬላ ቀረጥ እየከፈለ፣ ወራት የሚፈጅ ጉዞ የሚጓዝ። የነጋዴዎቹ አለቃና የቀረጡ ሹም ነጋድራስ ነው። ዛሬ ነጋድራስ ሲባል የደረቀ የመዝገብ ሰው የሚታየው ካለ ስሞቹን ያስታውስ፦ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድንና የውጭ ጉዳይን ሥራ ደርበው የሰጡት ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። ድምፁን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጸው ተሰማ እሸቴም ነጋድራስ ነው። መንገዱንና ንግዱን ለአንድ ሰው መስጠት በዚያ ዘመን የሚገርም አልነበረም።

ክብሩ ግን ለሹሙ እንጂ ለሥራው አልነበረም። በሰሜኑ አገር ባላገርና ወታደር ንግድን ዝቅ አድርጎ ያይ ስለነበር ሥራው በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ቆየ፤ በአንዳንድ ቦታ «ነጋዴ» ማለት እስላም ማለት እስኪመስል ድረስ። ደርግ ሲመጣ ንቀቱ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። ለግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፣ የእህሉን ገበያ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያዘው፣ ነጋዴውም «የኢኮኖሚ አሻጥር» ከሚለው ሐረግ ጋር አብሮ ይጠራ ጀመር። ያ ቋንቋ አልሞተም። ዘይት በተወደደ ቁጥር «ስግብግብ ነጋዴዎች» የሚለውን ዜና እንሰማለን። «ነገደ» የሚለው ግስ ራሱ «በ» ሲቀድመው ስድብ ሊሆን ይችላል፤ በሃይማኖት የሚነግድ፣ በሕዝብ ስም የሚነግድ እንላለን። በሽንኩርት ሲነገድ ኃጢአት የለበትም፤ ግን ሽንኩርት የሚሸጠውም ቢሆን ቃሉን ለራሱ ሲጠቀምበት ብዙ አይሰማም።

እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ብንሄድ ይህ በደንብ ይታያል። ገበያው የፒያሳው አትክልት ተራ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ በ2013 ዓ.ም. ጃንሜዳ ለጥምቀት ሲፈለግ ወደዚህ መጣ። ሰፈር ቢቀይርም ሰው አሁንም «አትክልት ተራ» ይለዋል። በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣውን ሽንኩርት ያመረተው ገበሬ በቀድሞው ሕግ ዓይን ነጋዴ አልነበረም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የነጋዴን ሥራዎች ሲዘረዝር የራሱን ምርት የሚሸጥ ገበሬንና በእጁ ሙያ የሚያድር ባለእጅን ከዝርዝሩ አስቀርቶ ነበር። የዚያ ሕግ ስለ ነጋዴ የሚናገረው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ከገበሬው ገዝቶ የሚያመጣው ጅምላ ሻጭ ግን ነጋዴ ነው። በመካከል ያለው ደላላ «እኔ ሰው ነው የማገናኘው» ይላል።

ከዚህ ገበያ ማልዳ የገዛችው ሴት ሳሪስ ወይም ጎፋ ወርዳ፣ ማዳበሪያዋን አንጥፋ፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ትከምራለች። ምን ትሠሪያለሽ ብትባል «ጉልት ነኝ» ወይም «ትንሽ ትንሽ እቸረችራለሁ» ትላለች። «ነጋዴ ነኝ» ስትል መስማት ብርቅ ነው። ሒሳቧ ግን ከማንም ነጋዴ ይከብዳል፦ የገዛችበትን፣ የተሸከመላትን ልጅ፣ የታክሲውን፣ እስከ ማታ የሚበሰብሰውን አስልታ ነው ዋጋ የምትጠራው። ገዢዋ «የመጨረሻውን ንገሪኝ፣ የኔ እናት» ስትላት «አያዋጣኝም፣ ደንበኛ» ብላ ትመልሳለች። ደንበኛ የሚለውን ገዢም ሻጭም እኩል ይጠራሩበታል። ሲስማሙ «ምርቃት ጨምሪልኝ» ይመጣል፤ አንድ ቲማቲም ወይም ሁለት ቃሪያ ይታከላል። ይህ ምርቃት በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይሰፍርም፤ ደንበኛዋ ነገ እንድትመለስ የሚያደርጋት ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ዕቃውን በደረቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው «ሱቅ በደረቴ» ነው። ማስቲካና ሲጋራ የሚያዞረው ጀብሎ፣ ሳያይ ገዝቶ ሳይረከብ የሚሸጠው «አየር በአየር»። ወጣቱ በበኩሉ «ሽቀላ ላይ ነኝ» ይላል፤ ስልክና ጫማ በቴሌግራም የሚሸጠው የጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጅ «ቢዝነስ» ብሎ ይገላገላል። እያንዳንዱ ስም አለው። «ንግድ» የሚለው ቃል ለወረቀቱ ቀርቷል፦ ንግድ ፈቃድ፣ ንግድ ምክር ቤት፣ ንግድ ቢሮ፣ ንግድ ባንክ። በእኔ ግምት ሰው ቃሉን የሚሸሸው በትሕትና ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው ግብር፣ እድሳትና ደረሰኝ አብረው እንደሚጠየቁት ያውቃል።

በጉልት በኩል ቃሉ ብቅ የሚለው አሁን በሒሳብ ሰዓት ነው። ጥሬ ብር ያልያዘ ገዢ ስልኩን ያወጣና «ቴሌብር አለሽ ወይስ ንግድ?» ይላታል፤ ባንክ የሚለው ይቀራል። እሷም «ንግድ አለኝ» ብላ ቁጥሯን ትነግረዋለች።