ሁለት አየር የሚያወዳድር ሴራሚክ፡ የመኪናን ኦክስጅን ሴንሰር በቤት መመርመርና መለወጥ

እንደሚታወቀው በሐዋሳ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት ቤንዚን ተጠቃሚ የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ተነድተው፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ወደ አገራችን የገቡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። ስለሆነም ዛሬ በየግቢው ቆመው የምናያቸው ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። የሚፈጁትን ቤንዚን የምንከፍለው፣ የሚተፉትን ጭስ የምንተነፍሰው እኛው ነን።

ከእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ብዙዎቹን የሚያሳስብ አንድ ምልክት አለ። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል፤ መኪናው ቤንዚን ይበላል፤ ከጭስ ማውጫውም የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ወደ ጋራዥ ሲወሰድ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይለወጥ» ይባላል። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አዲስ ሴንሰር በውድ ዋጋ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ መብራቱ ተመልሶ የሚበራበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ፣ መሞቱ እንዴት እንደሚረጋገጥና በቤት እንዴት እንደሚለወጥ እንመለከታለን። ዋናው ነጥባችን አንድ ነው፤ ይኸውም ሴንሰሩ ምንን ከምን ጋር እንደሚያወዳድር የተረዳ ሰው ከመግዛቱ በፊት መመርመር ይችላል የሚል ነው።

ሴንሰሩ ለምን አስፈለገ?

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ካነሰ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይፈጠራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና በቅጡ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይወጣሉ። አየሩ ከበዛ ደግሞ በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ይተርፋል። በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገኘው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአንድነት ማጥራት የሚችለው ድብልቁ በዚህ ሚዛን አካባቢ፣ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ይህን ሚዛን እንዲጠብቅ ከጭሱ የሚመጣ መረጃ ያስፈልገዋል። መረጃውን የሚያቀብለው ኦክስጅን ሴንሰር ነው።

የሴንሰሩ ሳይንስ ከመኪናው በፊት የነበረ ነው። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት በ1889 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኬሚካዊ ሴልን ቮልቴጅ የሚያሰላውን ቀመር አቀረበ። ይኸው ሊቅ በ1890ዎቹ መጨረሻ በዚርኮኒየም ኦክሳይድና በኢትሪየም ኦክሳይድ ድብልቅ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ፈለሰፈ። ይህ ሴራሚክ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲግል ግን ያስተላልፋል። የኔርንስት ቀመርና የኔርንስት ሴራሚክ በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ የተገናኙት በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቦሽ ኩባንያ የሠራው ሴንሰር ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጁ የቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጠመ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የተለመደው ሴንሰር ጫፍ አንድ ጎኑ የተዘጋ ትንሽ የሴራሚክ ጣት ይመስላል። ውጫዊ ገጹ ጭሱን፣ ውስጣዊ ገጹ ደግሞ ንጹሕ አየርን ይነካል፤ ሁለቱም ገጾች በስስ ፕላቲኒየም ተለብጠዋል። በሴራሚኩ ውስጥ ከዚርኮኒየም አተሞች አንዳንዶቹ በኢትሪየም ተተክተዋል። ሁለት ኢትሪየሞች ሲተኩ አንድ የኦክስጅን ቦታ ባዶ ይቀራል። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርስ የኦክስጅን አዮኖች ከአንዱ ባዶ ቦታ ወደ ሌላው እየዘለሉ ማለፍ ይችላሉ። ኦክስጅን ከሚበዛበት የአየር ወገን ወደ ጭሱ ወገን ሊያልፉ ሲሞክሩ በሁለቱ ፕላቲኒየሞች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል።

በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈጠረው ቮልቴጅ 0.0188 ቮልት በሁለቱ ወገኖች የኦክስጅን ከፊል ግፊት ውድር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲባዛ ይገኛል። በጭሱ ውስጥ 1 በመቶ ኦክስጅን ቢተርፍ ውድሩ 21 ያህል ስለሚሆን ቮልቴጁ 0.06 ቮልት ገደማ ነው። ነዳጅ ሲበዛ ግን የሚተርፍ ኦክስጅን የለም ለማለት ይቻላል፤ ከፊል ግፊቱ አንድ የከባቢ አየር ግፊት በ1 ላይ 20 ዜሮዎች ለሚከተሉት ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ሊያንስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ 0.84 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ሽግግሩ ድንገተኛ ነው፤ ኮምፒውተሩም 0.45 ቮልትን እንደ ድንበር ወስዶ ከዚያ በላይ ሲያይ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ከዚያ በታች ሲያይ ይጨምራል። ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ምክንያት ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

የሐዋሳ ከፍታስ?

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 81 በመቶ ያህል ነው። እንደ ዱሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ካርቡሬተር ያለው መኪና በባሕር ወለል ተስተካክሎ ወደ ሐዋሳ ቢመጣ፣ የአየሩ ጥግግት በመቀነሱ ድብልቁ ከ8 እስከ 9 በመቶ ነዳጅ ይበዛበታል፤ እንደገና መስተካከልም ይኖርበታል። ሴንሰር ያለው መኪና ግን ራሱን ያርማል። ቀመሩ የሚጠይቀው የግፊቶቹን ውድር በመሆኑ፣ የውጭው አየር መሳሳት የሴንሰሩን ቮልቴጅ ቢለውጠው ከ4 ሺኛ ቮልት በማይበልጥ መጠን ነው። ስለዚህ «ከፍታው ነው ሴንሰሩን ያሳሳተው» የሚለው አባባል በፊዚክስ አይደገፍም።

ከመግዛት በፊት መለካት

ለምርመራው ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። ከሴንሰሩ የሚወጡት ሽቦዎች አራት ከሆኑ ሁለቱ የማሞቂያው፣ ሁለቱ የመለኪያው ናቸው። የሽቦዎቹ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የማሞቂያው መሆናቸውን ማስታወስ ይጠቅማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ የማሞቂያው ሬዚስታንስ ሲለካ ከጥቂት ኦም እስከ 20 ኦም ባለው ክልል ውስጥ መሆን ይገባዋል። መልቲሜትሩ መስመሩ የተቋረጠ መሆኑን ካሳየ ማሞቂያው ተቃጥሏል፤ ሴንሰሩም ይለወጣል።

ማሞቂያው ደህና ከሆነ ሶኬቱ ይመለስና ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይነሳል። ይህን ሥራ ደጅ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማከናወን አይገባም። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሰው የሚገድለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሞተር የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ያህል ሲዞር በመለኪያው ሽቦ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ በ10 ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲረገጥ ቮልቴጁ ወዲያው ከፍ ይላል፤ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር የተያያዘ ቀጭን የቫኪዩም ጎማ ለጥቂት ጊዜ ሲነቀል ደግሞ ዝቅ ይላል። ለሁለቱም በፍጥነት የሚመልስ ሴንሰር ሕያው ነው፤ ጥፋቱ በሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ የቀረ እንደሆነስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቧንቧ ቢሰነጠቅ የውጭ አየር ይገባል፤ አንድ ካንዴላ እሳት ባይሰጥም ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ጭሱ ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ ሴንሰሩ «ኦክስጅን አለ» ብሎ እውነቱን ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አየር በዝቷል ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ባለቤቱ ሴንሰሩን ቢለውጥ አዲሱም ያንኑ ይመሰክራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በቧንቧው መጋጠሚያዎች ላይ ጥቁር የጥላሸት ምልክት መኖሩን ማየት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚሰማውን የትክትክታ ድምፅ ማዳመጥና ካንዴላዎቹን መፈተሽ ተገቢ ነው። በአንጻሩ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ከቀረ የሚያፈስ ኢንጀክተር ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ ሴንሰሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም በጣም ከዘገየ፣ ያን ጊዜ መለወጡ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

በቤት ሲለወጥ

አንደኛ፡- ትክክለኛውን ዓይነት መለየት። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በፊትና በኋላ ያሉት ሴንሰሮች አንዱ በሌላው አይተካም። በአዳዲሶቹ ቶዮታዎች ላይ የፊተኛው በቮልቴጅ ፈንታ በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ የተለየ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመሳከር ግድ ነው። ከላይ የገለጽነው የቮልቴጅ ምርመራም ለዚህ ዓይነት አይሠራም።

ሁለተኛ፡- ጭስ ማውጫው እጅ እስኪችለው ድረስ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መንቀል። ሴንሰሩ ኮፈኑ ተከፍቶ ከላይ የማይደረስበት ከሆነ መኪናው በጠንካራ ቋሚ ድጋፍ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል።

ሦስተኛ፡- ሶኬቱን ሽቦውን ሳይጎትቱ መንቀልና በጥርሱ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብቶ መጠበቅ። አብዛኞቹ በ22 ቁጥር መፍቻ ይፈታሉ፤ በአንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን በሁለት ትንንሽ ዳዶዎች የታሰሩ ናቸው።

አራተኛ፡- የወጣውን ሴንሰር ጫፍ ማስተዋል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ቅባታማ ቡናማ ቅርፊት ሞተሩ ዘይት ማቃጠሉን፣ ነጭ ዱቄት የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መግባቱን ወይም የሲሊኮን ማጣበቂያ መመረዙን ያመለክታሉ። መንስኤው ካልተወገደ አዲሱም በዚያው ይሞታል። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስም የሴንሰሩን ፕላቲኒየም ይመርዝ ነበር፤ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሽያጩን በማቆሟ ይህ ስጋት ለመኪናዎች ቀርቷል።

አምስተኛ፡- አዲሱን ጫፉን ሳይነኩ በመጀመሪያ በእጅ ማዞርና ከዚያ ማጥበቅ። በጥርስ ለሚገጠመው ዓይነት ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው፤ ይህም 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ማንጠልጠል ማለት ነው። ብዙ ሴንሰሮች ለውድድሩ የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ አየር የሚስቡት በሽቦዎቹ ውስጥ ባለው ክፍተት በኩል ስለሆነ ሽቦውን በብየዳ መቀጠል ወይም ሶኬቱን በግራሶ መሙላት አይገባም። አየሩ ከተዘጋበት ሴንሰሩ የሚያወዳድርበት ነገር ያጣል። በመጨረሻ ሽቦው ከጋለው ቧንቧ እንዲርቅ አስሮ፣ ባትሪውን መልሶ፣ የስህተት ምልክቱን አጥፍቶ መኪናውን መሞከር ነው።

ለተማሪዎች

ክቡራን አንባብያን፣ የተጣለ አሮጌ ሴንሰር ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጥሩ መሣሪያ ነው። በመምህር ተቆጣጣሪነት ጫፉ በጋዝ ነበልባል ውስጥ እስኪግል ሲያዝና መልቲሜትር ሲገናኝለት፣ ሕያው ከሆነ እስከ 0.8 ወይም 0.9 ቮልት ይሰጣል፤ ከነበልባሉ ሲወጣ በፍጥነት ወደ ዜሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር የሚገዛ ሰውም ከመክፈሉ በፊት በዚሁ ዘዴ ሊፈትነው ይችላል። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የኔርንስት ቀመር በአንድ ቤተሰብ የወር ወጪና በአንድ ከተማ አየር ላይ ምን ያህል እንደሚወስን ለመገንዘብ አንድ መልቲሜትርና ግማሽ ሰዓት በቂ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ቢጫ መብራት በወላጆቻችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መኪና ላይ ሲበራ፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ልኬቱን እናንተ ውሰዱ።