ተዋናይና ማኅበሩ፦ የአባልነት ጥቅሙ ምንድን ነው?

የተዋናዮች ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መታወቂያ፣ መዋጮና ዓመታዊ ጉባኤ ነው። በደብረ ታቦር በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በአማተር ቡድን መድረክ ለምዶ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለቀረጻ የሚጠራ ወጣትም አባልነትን የሚመዝነው በዚሁ ነው። እኔ ግን መለኪያው ሌላ ነው እላለሁ፤ ማኅበሩ ከፋዩን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሁሉንም የሚያስር የኅብረት ስምምነት መፈረም ይችላል ወይስ አይችልም? በእኛ ሕግ ሁለት ዓይነት ማኅበር አለ። የሙያ ማኅበር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመዘገባል፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ የታመመን ይረዳል፣ ስለ ሙያው ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይቋቋማል፤ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ላይ የመደራደር ሥልጣን ያለው እሱ ነው። የሀገራችን ተዋናዮች ተሰባስበው የሚገኙት በመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን የጎደላቸው ሁለተኛው ነው።

ለምን ጎደላቸው? አንደኛው ምክንያት ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች የመንግሥት መሆናቸው ነው። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ሲቋቋም ራሱ ማኅበር ነበር፤ ጣሊያን ሊወርር በተዘጋጀበት ወቅት ሕዝብን ለመቀስቀስ የተመሠረተ የአርበኝነት ማኅበር እንጂ የሠራተኛ አልነበረም። ዛሬ በእነዚህ ቤቶች ተቀጥሮ የሚተውን ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይመለከተውም። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያከራክራል። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ያወጣል፤ የፊልም ተዋናይም በየሥራው የሚዋዋል ባለሙያ ስለሆነ ከዚህ ክፍል ነው ይባላል። ነገር ግን ሕጉ የሥራ ውልን የሚለየው በአሠሪ መሪነት፣ በክፍያ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ በመሥራት ነው። ተዋናዩ በተባለው ሰዓት ይገኛል፤ የተመረጠለትን ልብስ ይለብሳል፤ የተጻፈለትን ቃል ይናገራል፤ አዘጋጁ ድገም ሲለው ይደግማል። ከዚህ በላይ በሌላ ሰው መሪነት መሥራት ምን አለ? የውሉ ማጠር ሠራተኛነቱን አያስቀረውም።

በራሱ ኃላፊነት በሚሠራና በሌላ ሰው መሪነት በሚሠራ ባለሙያ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ የሚያሳየው የአዝማሪው ኑሮ ነው። በጎንደር ምድር ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው፤ ልጅ ከወላጆቹ ጋር እየዞረ ይማራል፤ ባለሙያዎቹ ውጭው ሰው የማይሰማው የራሳቸው መግባቢያ አላቸው። አባልነት በትውልድ፣ ምሥጢር በቋንቋ የተጠበቀበት ይህ ሥርዓት ከማንኛውም የተመዘገበ ማኅበር ይቀድማል፤ ሙያውንም በንቀት ዘመን ሁሉ አቆይቶታል። ሆኖም አዝማሪው በሠርግና በጠላ ቤት የሚኖረው በሽልማት ነው፤ ግጥሙን እሱ ይፈጥራል፣ ከፋዩ ደግሞ በየምሽቱ ይለዋወጣል። ከማን ጋር የኅብረት ስምምነት ይፈርማል? ለእሱ የሙያ ማኅበርና ዕድር ይበጁታል። ለተዋናዩ ግን ከፋዩ የታወቀ ነው።

ያለ ክፍያ የሚያልፍ ልምምድ የተደራዳሪ ማኅበርን ትርጉም ያስረዳል። በአሜሪካ በ1913 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የመድረክ ተዋናዮች ማኅበር በ1919 ሥራ ያስቆመው ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የልምምድ ክፍያ ሆኖበት ነው። ማኅበሩ አሸነፈ፤ የአባላቱ ቁጥርም በዚያው ትግል ከ3,000 በታች ከነበረበት ወደ 14,000 ገደማ ወጣ።

የእኛ ፊልም ሠሪ ድሃ ነው፣ ተመን ቢወጣ ሥራው ይቆማል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ስምምነት ግን ለሁሉም አንድ ዋጋ መቁረጥ የለበትም፤ የአሜሪካኖቹ የፊልም ተዋናዮች ማኅበር በአነስተኛ በጀት ለሚሠሩ ፊልሞች የተለየ ውል አለው። ሌሎች ማኅበር በሩን ዘግቶ እንደ ደብረ ታቦሩ ወጣት ያለውን ጀማሪ ያስቀራል ይላሉ። በእንግሊዝ ያለ ማኅበር ካርድ መድረክ ማግኘት ለረጅም ጊዜ ከባድ ስለነበር ይህም መሠረት አለው። የእኛ አዋጅ ግን አሠሪ ማንንም አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን እንዳያስገድድ ይከለክላል። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ደርግ በ1955 የተመሠረተውን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በ1969 የራሱን ማኅበር ተከለ፤ በየቀበሌው ያደራጃቸውም የኪነት ቡድኖች የአብዮቱ አፍ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ተደራጁ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ የሚሰማ ሰው አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ግን አለመደራጀት ሳይሆን አባላቱ ራሳቸው መሪ የሚመርጡበትና ሒሳብ የሚጠይቁበት መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ጉዳዩ በቀረጻ ቀን ክፍያም አያበቃም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያም እነዚህን መብቶች በጋራ ለሚያስተዳድሩ ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። ድራማው በየጣቢያው ሲደጋገም ብቻውን የሚከታተል ተዋናይ የለም።

እንግዲህ መዋጮ ከመክፈሉ በፊት ተዋናዩ ይጠይቅ፦ በየትኛው አዋጅ ተመዘገባችሁ? ከማን ጋር ተፈራረማችሁ? ልምምድ ይከፈላል? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ይቆምልኛል? የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት አሥር ሠራተኛ ይበቃል፤ ከአሥር በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩም ቁጥራቸው አሥር ከሞላ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። አብዛኞቹ የፊልም ድርጅቶቻችን ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው ናቸውና የተዋናዮቻችን በር ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል።