ማሞ ወልዴ፤ ከ1961 እስከ 1994

ጊንጪን አልፈን ወደ አምቦ ስንቃረብ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ስለ ፈይሳ ሌሊሳ ይከራከሩ ጀመር። የጀልዱው ልጅ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ ለተቃውሞ ማጣመሩን በዚህ መስመር የማያውቅ ስለሌለ ጭቅጭቁ በዚያ አልነበረም። ከእሱ በፊት በሩጫው ምክንያት መነጋገሪያ የሆነ ሰው ነበረን ወይ ነው ነገሩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ጣልቃ ገቡ። “ሯጭ መች አጣን? ከሩጫው በኋላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ነው ያጣነው። ማሞን ታውቁታላችሁ?” አንዱ ወጣት፣ “ጋሼ፣ እኛ የምናውቀው አበበን ነው” አላቸው። እስከ አምቦ መናኸሪያ ዝም አላሉም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም።

አበበ ቢቂላማ ይታወቃል። ሮምን በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮን ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በሳምንታት ውስጥ። የማሞ መንገድ ግን እንዲህ ለትረካ አይመችም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ የክብር ዘበኛው ወታደር የሮጠው 800 እና 1,500 ሜትር ነበር! በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አልጨረሰም። ሜክሲኮ ሲገባ ዕድሜው 36 ነው። የዛሬ አሠልጣኝ ቢሆን መልምሎ የሚወስደው አይመስለኝም።

ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምቦ ብዙም አትበልጥ፣ የጀልዱ ደጋማ ይበልጣታል። ቆላ ያደጉት ሯጮች ትንፋሽ ባጠራቸው በዚያ አየር፣ ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ማሞን የቀደመው በሰከንድ ስድስት አሥረኛ ብቻ ነው። ጥቅምት 6 ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማቱ መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን አነሡ፤ ከውድድሩ ሥፍራም ተባረሩ። ጥቅምት 10 ማራቶኑ ተጀመረ። አበበ እግሩን ታሞ ስለነበር ከ16ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ። ማሞ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ ስታዲየም ሲገባ ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

መምህሩ ያኔ የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ ከተማዋም ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። “ሬዲዮ ካለው ሱቅ በር ላይ ተኮልኩለን ነው የሰማነው” አሉኝ። “እመነኝ ልጄ፣ ግማሾቹ አበበ ነው ያሸነፈ ብለው እየጨፈሩ ሄዱ። ማሞ ያን ዕለትም ከአበበ ጥላ አልወጣም።” በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አበበ በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎዳ፤ ዳግም በእግሩ አልቆመም። የአገሩ ሐዘን ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ማሞ ግን በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ሌላ ሜዳሊያ፣ ነሐስ፣ አመጣ፤ እሱንም የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ማሞ ታሰረ። ክሱ በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ሹም ሳለ በአንድ ታዳጊ ግድያ ተሳትፏል የሚል ነበር፤ እሱ አልገደልኩም አለ። ሙኒክ ላይ ከኋላው አራተኛ የወጣው አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ጋዜጠኛ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጣና ስለ እስሩ ለዓለም ጻፈ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ስለ ጉዳዩ ወተወተ። እዚህ እኛ ዘንድ ግን ዝም ተባለ። አንድን የስፖርት ኃላፊ፣ የሜክሲኮ ድል በሚዘከርባቸው መድረኮች የእስሩ ዓመታት ለምን አይነሡም ብዬ ጠየቅኋቸው። “እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው” ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ ስደውልም አላነሡም።

መምህሩ “እነዚያ ጥቁር አሜሪካውያን እጃቸውን አንሥተው ተባረሩ፤ ማሞ እጁን ሳያነሣ ታሰረ” ይላሉ። አነጋገሩ ያምራል፤ ነገር ግን ልጁን ያጣ ቤተሰብም አለ፣ ክሱም ከሩጫ ጋር አይገናኝም። የእኔ ጥያቄ ስለ ጊዜው ነው። ፍርዱ የተሰጠው ጥር 1994 ዓ.ም. ሲሆን ቅጣቱ ስድስት ዓመት ነበር። ማሞ በእስር ያሳለፈው ዘጠኝ ገደማ ስለነበር ወዲያው ተለቀቀ። ግንቦት 18 ቀን በዚያው ዓመት ሞተ፤ ነጻ ሆኖ የኖረው ከአራት ወር ብዙም አያልፍም።

“ሦስት ዓመት ትርፍ ከፍሏል” አሉኝ መምህሩ፣ አምቦ ከሚኒባሱ ስንወርድ። “የሟቹ እናትም ያን ሁሉ ዓመት ፍርድ ስትጠብቅ ኖረች። ለሁለቱም ማነው ሒሳብ የሚያወራርደው?”