እግር ከረዘመ በኋላ፤ የመራመድ ትምህርት በናይሮቢ

በዘመናችን የሰው ልጅ ቁመቱን እንኳ በሐኪም እጅ ለመጨመር የሚችልበት ጥበብ ስለ ተገኘ፣ ስለዚህ ነገር የሚነገረውና የሚደነቀው ሁሉ የሚያርፈው በተጨመረው ሴንቲሜትር ላይ ነው። ነገር ግን አጥንቱ ከረዘመ በኋላ ያ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ደረጃ እንዲወጣና መንገድ እንዲሻገር የሚያበቃው ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ረጅምና አድካሚ የሆነ፣ በታማሚው ትዕግሥትና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ትጋት የሚፈጸም ሥራ ነው። ይህን ሥራ በቅርብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ለውበት ብለው እግራቸውን ካስረዘሙት ይልቅ በግድ የሕክምናው ደንበኞች የሆኑትን፣ ማለት በመኪናና ቦዳ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት አደጋ አጥንታቸው የተሰባበረውን፣ ወይም እግራቸው ከልደት ጀምሮ የጎበጠውንና ያጠረውን ሰዎች ቢመለከት ይበልጥ ይማራል፤ የናይሮቢ ከተማና አካባቢዋም ለዚህ ትምህርት የሚበቁ ናቸው።

የጥበቡ መሠረት የተጣለው ግን ከናይሮቢ እጅግ ርቆ በሳይቤሪያ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም አሌሳንድሮ ኮዲቪላ አስቀድሞ በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እግርን ስለ ማስረዘም የጻፈ ቢሆንም፣ አጥንትን በአንድ ጊዜ በኃይል መሳብ ሥጋንና ነርቭን ስለሚጎዳ መንገዱ አስጊ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሳይቤሪያ በኩርጋን አውራጃ ያገለግል የነበረው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ፣ አጥንታቸው አልገጥም ያላቸው የጦርነት ቁስለኞች ስለ በዙበት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ እግሩን ከውጭ የሚከቡ የብረት ቀለበቶችን፣ ቀለበቶቹን የሚያያይዙ ዘንጎችንና በአጥንቱ ውስጥ አሳብረው የሚያልፉ ቀጫጭን ሽቦዎችን አስተባብሮ አዲስ መሣሪያ አበጀ። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ የወርቅ ሜዳይ ያገኘው ቫለሪ ብሩሜል በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተሰብሮ፣ ከብዙ ያልተሳካ ቀዶ ሕክምና በኋላ በኢሊዛሮቭ እጅ ድኖ እንደገና ከ2 ሜትር በላይ ለመዝለል ስለ ቻለ፣ የሐኪሙ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ኢጣሊያዊው ተጓዥ ካርሎ ማውሪም በ1980 ገደማ በኩርጋን ከታከመ በኋላ ጥበቡ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻገረ።

የመሣሪያው ምሥጢር ተፈጥሮን ሳያስጨንቁ ማዘዝ ነው። የአገራችን ወጌሻ ስብራቱን አቅንቶ ካሰረ በኋላ መግጠሙን ለተፈጥሮ እንደሚተው ሁሉ፣ ሐኪሙም አጥንቱን በጥንቃቄ ከቆረጠ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ያህል ምንም ሳይነካው ይቆያል። ከዚያ የዘንጎቹ ብሎኖች በየቀኑ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው የሚሊሜትር ሩብ ያህል ስለሚዞሩ፣ ሁለቱ የአጥንት ጫፎች በቀን 1 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ በመካከላቸውም ለጋ አጥንት ይበቅላል። እንግዲህ 5 ሴንቲሜትር ለመጨመር መሳቡ ብቻ 50 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ለጋው አጥንት ጠንክሮ የሰውነትን ክብደት እስኪሸከም ድረስ ደግሞ ከዚህ የሚበልጡ ብዙ ወራት ያስፈልጋሉ። በቅርብ ዘመን ቀለበቱን የሚተካ፣ በአጥንቱ ቅልጥም ውስጥ ገብቶ ከውጭ በማግኔት የሚታዘዝ ዘንግ ተፈጥሯል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን የጊዜውን ሕግ አልሻረም።

አጥንት እንዲህ በየቀኑ አዲስ ሆኖ ሲያድግ ጡንቻ፣ ጅማት፣ ነርቭና የደም ሥር ግን በዚያው ፍጥነት ስለማይከተሉት፣ ከዚህ ላይ እውነተኛው ተጋድሎ ይጀምራል። የታችኛው እግር ሲረዝም የባት ጡንቻ ይወጠርና ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል፤ ታማሚው ካልተጠነቀቀ ቁርጭምጭሚቱ በዚያው ደርቆ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የሚቆም ሰው ሆኖ ይቀራል። ጭን ሲረዝም ደግሞ ጉልበት ለመታጠፍም ለመዘርጋትም እንቢ ይላል፤ ነርቭ ከተወጠረም የእግር መዳፍ ይደነዝዛል፣ ወይም ወደ ላይ መነሣት ይሳነዋል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ጀምሮ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ መዘርጋትን፣ በእግር መዳፍ ላይ ፎጣ አዙሮ ወደ ራስ መሳብን፣ የጭንን ጡንቻ ማጠንከርን ያስተምራል፤ ታማሚው ይህን በየቀኑ ደጋግሞ ይፈጽማል፣ ሌሊትም ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ ይተኛል። ሽቦዎቹ ቆዳን የሚበሱባቸው ቦታዎች እንዳያመረቅዙ በንጽሕና ይጠበቃሉ፤ ሲጋራም የለጋውን አጥንት መጠንከር ስለሚያዘገይ በጥብቅ ይከለከላል።

መራመዱም የራሱ መዓርጋት አሉት። ቀለበት የታሠረለት ሰው ሐኪሙ በሚፈቅድለት መጠን እግሩን በመሬት ላይ ማሳረፍ ይጠበቅበታል፤ ልከኛ ክብደት ለጋውን አጥንት ያጠነክራልና። መጀመሪያ በሁለት ክራንች ይሄዳል፤ ራጁ አጥንቱ መብሰሉን ሲመሰክር በአንድ፤ በመጨረሻም ያለ ምርኩዝ። ቀለበቱ በተፈታ ጊዜ እንኳ አዲሱ አጥንት በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል መቸኮል ክልክል ነው፤ በወራት የተለመደው ማነከስም እግሩ ከዳነ በኋላ እንደ ልማድ ስለሚቀር፣ እርምጃን እኩል አድርጎ መጣል እንደ ሕፃን ዳግመኛ መማርን ይጠይቃል።

በናይሮቢ ይህን ሸክም የሚያቃልሉ ተቋማት ታሪካቸው አጭር አይደለም። በ1901 የተመሠረተውና ዛሬ የአገሪቱ ታላቅ ሪፈራል ሆስፒታል የሆነው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ከየአውራጃው የሚላኩትን ስብራተኞች ይቀበላል፤ በ1927 የተቋቋመው የኬንያ የሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን አስተምሮ ያወጣል፤ በ1958 የተመሠረተው የኬንያ አካል ጉዳተኞች ማኅበርም ሰዎችን ወደ እንቅስቃሴ ለመመለስ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ተሽከርካሪ ወንበርና የእግር ድጋፍ ያዘጋጃል። ከከተማው ወጣ ብሎ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው ኪጃቤ ደግሞ፣ ኪዩር የተባለው መንፈሳዊ ድርጅት በ1998 የመጀመሪያ ሆስፒታሉን ከፍቶ እግራቸው የተጣመመ ልጆችን ያክማል፤ ይኸው ድርጅት በአዲስ አበባም ሆስፒታል አለው።

ይሁን እንጂ ከሆስፒታል በር ውጭ ያለው ከተማ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው ረጅሙ የዝናብ ወቅት ጭቃውና እርጥቡ ወለል ክራንችን ያንሸራትታል፤ ማታቱ የተባለው ሚኒባስም በሩ ጠባብ፣ መወጣጫው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በእግሩ ላይ የብረት ቀለበት ለተሸከመ ሰው አይመችም። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ አካል ጉዳተኛ ወደ ማናቸውም ቦታና የሕዝብ ማጓጓዣ ለመድረስ ተገቢ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ይህ ቃል በእግረኛ መንገዱና በአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ በሥራ ሲተረጎም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ድካም እኩሌታው ይቀልለታል።

ከጤነኛ እግር ላይ ለቁመና ሲሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ለመጨመር የሚሹ ሰዎች ይህን ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። በአጭር ቁመቱ የሚንቁት ሰው ልቡ እንደሚቆስል አይካድም፤ ኀዘኑንም እንደ ቀላል ማየት የሰነፍ ሥራ ነው። ነገር ግን ከብዙ ጉዳት በኋላ ቻይና በ2006 ይህን ቀዶ ሕክምና ለውበት ብቻ እንዳይደረግ የከለከለችው፣ ሴንቲሜትሩን የሚሸጥ ሁሉ መራመድን ስለማይመልስ ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው መፃጉዕ በአንዲት ቃል ተነሥቶ ሄዷል፤ በሰው ጥበብ የሚነሣ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይነሣል። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚቀርብ ሰው ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጨመርለት ከመጠየቁ በፊት፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ማን እንደሚያስተምረው፣ በምን ገንዘብና በምን ቤት እንደሚኖር፣ ምን ያህልስ እንደሚታገሥ ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘም እግሩን ለቢላዋ አይስጥ። አገራችንም ቀዶ ሐኪሙን በምታከብርበት ልክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ታክብር፣ ታሠልጥን፣ በየሆስፒታሉም ታብዛ፤ የእግር ክብሩ መራመዱ ነውና።