ገበያው የሰው፣ መዝገቡ የራስ

ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የዓለም ሠራተኞች ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ውስጥ በሚገኘው ሞቨንፒክ ሆቴል ከ150 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክና ለቻትጂፒቲ በሦስተኛ ወገን ድርጅቶች በኩል ተቀጥረው ይዘት የሚያጣሩ ወይም ሲያጣሩ የነበሩ ናቸው። እኛ እንዳናየው የሚፈለገውን ግድያና በደል ሁሉ እነሱ ቀን ከሌት ያዩልናል። በሰዓት አንድ ዶላር ተኩል ገደማ የሚከፈላቸውም ነበሩባቸው። በዚያ ቀን የአፍሪካ ይዘት አጣሪዎች ማኅበርን ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ ሲነገር አዳራሹ በጭብጨባና በሆታ ተናወጠ።

ይህን ስብሰባ ደጋግሜ አስበዋለሁ። የእነዚህን መድረኮች ጓዳ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር ለመመሥረት ሲነሡ በአካል ተገናኝተው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የወሰኑት። እኛ ግን ጓዳውን ሳናውቅ እድራችንን፣ ዕቁባችንን፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን፣ የገበሬዎች ዩኒየናችንን አንድ በአንድ ወደ ቴሌግራም፣ ወደ ፌስቡክና ወደ ዋትስአፕ እያስገባን ነው። በናይሮቢም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ቻማ የሚባለው የኬንያውያን ዕቁብ ገንዘቡን በኤምፔሳ ይሰበስባል፣ ወሬውን በዋትስአፕ ያወራል። በአባላት መዋጮና በአባላት ድምፅ የሚተዳደር ማኅበር አባላቱ ድምፅ በማይሰጡበት ቤት ውስጥ መኖር አለበት ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

መልሴን አልደብቅም። መድረኮቹን ለማስታወቂያና ለገበያ እንጠቀምባቸው። የአባላት መዝገብ፣ ጉባኤና ውሳኔ ግን እዚያ ማደር የለበትም።

ለምን እንደዚህ እንደምል የዌስትላንድሱ ጉባኤተኞች ታሪክ ይናገራል። ሳማ የተባለው ድርጅት የፌስቡክ ባለቤት ለሆነው ሜታ በናይሮቢ ይዘት ያጣራ ነበር፤ ከሚጣሩት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ይገኝበታል። በጥር 2015 ሳማ ይህን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። አማርኛ ከሚያነቡ፣ የስድቡንና የቅኔውን ውስጠ ወይራ ከሚለዩ ሰዎች ጋር የነበረው ውል በአንድ ማስታወቂያ ተቋረጠ። ከሳማ አጣሪዎች ከ180 በላይ የሚሆኑት ናይሮቢ ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ። ሜታ ቀጣሪያቸው እንዳልሆነና የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘው እንደማይችል ተከራከረ። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በመስከረም 2017 ኩባንያው እዚያው ሊከሰስ እንደሚችል ወሰነ። ለራሱ አጣሪዎች “አላውቃችሁም” የሚል ባለቤት፣ የአንድ ሰፈር እድር ገጹ ቢዘጋበት ማን ብሎ ይሰማዋል?

ከዚህ የከበደም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለመድረኩ ደጋግሞ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ የጣሰ ነው የሚል መልስ ለልጁ የደረሰው አባቱ ካረፉ ከቀናት በኋላ ነበር። አብርሃም፣ የአምነስቲው ፍስሃ ተክሌና ካቲባ የተባለው የኬንያ ተቋም በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ አቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ብይን ሰጠ። ለአንድ ሰው ሞት አቤት ለማለት እንኳ ድንበር መሻገርና ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆኗል።

የኅብረት ሥራ ሰዎች ይህን አደጋ የሚዳኙበት የቆየ መለኪያ አላቸው። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ማንቸስተር ላይ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆች አራተኛው ስለ ራስ ገዝነት ነው። ማኅበሩ ከሌላ ወገን ጋር ሲዋዋል የአባላቱን ቁጥጥር በሚያስጠብቅ መንገድ መሆን አለበት ይላል። የኛ አዋጅ ቁጥር 985/2009ም የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በአባላት ቁጥጥር ሥር ያሉ ተቋማት አድርጎ ነው የሚያያቸው። እስቲ ይህን ይዘን የመድረኮቹን ውል እንመልከት። “እስማማለሁ” የሚለውን የነካው የማኅበሩ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ጉባኤው አልተጠየቀም። በጥር 2010 ፌስቡክ ከገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ጽሑፍ አስቀድማለሁ ሲል ተከታይ ለማፍራት ዓመታት የደከሙ ድርጅቶች ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ለራስ አባል ለመድረስ ለማስታወቂያ መክፈል ይበልጥ የተለመደ ሆነ።

ደግሞ መቋረጡ አለ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓታት ያህል ጠፉ፤ ይህ በስህተት ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን በሀገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሳይመለስ ቀረ። የአባላቱን ስም በቴሌግራም ብቻ የያዘ ማኅበር በእነዚያ ወራት አባላቱን በምን ይጥራ?

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከልብም አከብረዋለሁ። “ሰው ባለበት ካልተገኘን ማን ይሰማናል?” ይላሉ። እውነት ነው። ቡናውን ራሱ ለውጭ ገዢ የሚሸጥ ዩኒየን ገዢው በሚያይበት መታየት አለበት። ወጣቱ አባል ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ቆሞ አያነብም። በ2016 ሰኔ ወር የኬንያ ወጣቶች የፋይናንስ ሕግ ረቂቁን ለመቃወም የተጠራሩት በቲክቶክና በኤክስ ነበር፤ ያንን ያህል ሕዝብ በሌላ መንገድ በዚያ ፍጥነት ማንቀሳቀስ ይከብድ ነበር። ሰልፉ በጋለበት ሰኔ 18 ቀን ኢንተርኔቱ መቆራረጡንም ግን አንርሳ።

አማራጭ የሞከሩም አሉ። ሶሻል ዶት ኩፕ የተባለው ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ማስቶዶን በተባለው ክፍት ሥርዓት ላይ የራሱን መድረክ ያስተዳድራል። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፣ ምን ይፈቀድ ምን ይከልከል የሚለውንም ራሳቸው ይወስናሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ለደብረ ማርቆስ የቁጠባ ማኅበር ዛሬ እዚያ ግባ ብል ታማኝ አልሆንም፤ አባላቱ የሉበትማ። ብዙዎቹ የያዙት ቁልፍ ያለው ስልክ ነው፤ እሱ ላይ የሚደርሰው አጭር የጽሑፍ መልእክትና ጥሪ ብቻ ነው።

መንገዱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያለብን አይመስለኝም። እድር ጥሩምባ ነፊ አለው። በጠዋት በየመንደሩ እየዞረ ሞት ይለፍፋል፤ የሰማ ሁሉ ይሰማል፣ አባል ያልሆነም ጭምር። መዝገቡ ግን ጥሩምባ ነፊው ጋ አይቀመጥም። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ስንት ይሰጥ የሚለው በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ እጅ፣ በዳኛው ፊት ነው የሚታየው። ፌስቡክና ቴሌግራም ጥሩምባ ይሁኑን። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ የአባላት ስም፣ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ፣ የታመመ ሰው ምስክር ወረቀት፣ የቤተሰብ ኀዘን ሁሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ ተከምሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑም ቀርቷል።

ስለዚህ የማኅበር፣ የእድርና የዕቁብ ጸሐፊ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የአባላቱን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ከግሩፑ አውጥታችሁ በመዝገብ ጻፉት። አንዱን ቅጂ ለዳኛው፣ አንዱን ለገንዘብ ያዡ ስጡ። ደረሰኝና የሕክምና ወረቀት ከግሩፑ ይጥፋ። ጉባኤው በየትኛው መድረክ ምን ይለጠፍ፣ ምን አይለጠፍ የሚለውን በአጀንዳ ይዞ በድምፅ ይወስን፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።