የመጠጥ ውሃና የልብ ምት፦ በሙቀት ወራት ስለ ጤናችሁና ስለ መብታችሁ

የተከበራችሁ በኳታር የምትሠሩ ዜጎቻችን፣

በሙቀት ወራት «ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያዞረኛል» የሚል ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ከድካም ወይም ከሐሳብ ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ግን የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሂደቱን ማወቅ ሕይወትን ያድናል፤ መብትንም ለመጠየቅ ያስችላል።

ሰውነት በላብ ውሃ ሲያጣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ደም ይቀንሳል። በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ የሚገኙ ግፊት ለኪ ነርቮች ይህንን ወዲያው ለአንጎል ያስታውቃሉ። ያን ጊዜ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ልብን የሚያፈጥነውን ክፍል ያነቃቃል፤ ልብን የሚያረጋጋውን ቬገስ የተባለውን ነርቭ ደግሞ ያዳክማል። ልብም በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ስላነሰ ጉድለቱን በምት ብዛት ለመሙላት ይጣደፋል። ሙቀቱ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚስብ ሸክሙ ይብሳል።

ውሃ ስትጠጡ ይህ ጫና ይቃለላል። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሳለ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ሲጠጣ የቬገስ ነርቭ ሥራ እንደሚጨምርና የልብ ምቱ በመጠኑ ዝግ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ሆኖም ውሃ ጥላንና ዕረፍትን አይተካም።

በሙቀት የምትሠሩ ሁሉ እስኪጠማችሁ ሳትጠብቁ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። በሰዓት ከ1.4 ሊትር አትለፉ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ሐኪም አማክሩ። መጸዳጃ ቤት ሩቅ ነው ብላችሁ ውሃ አትተዉ።

ያረፈ አዋቂ ሰው የልብ ምት በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። በጥላ ዐርፋችሁ ውሃ ጠጥታችሁም ምቱ ካልረገበ ሕክምና ጠይቁ። ባልደረባችሁ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ከወደቀ ወደ 999 ደውሉ፤ ሰውነቱን በውሃ አቀዝቅዙ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት።

በ2021 የወጣው የሚኒስትር ውሳኔ ቁጥር 17 የሚከተለውን ይደነግጋል፦

1. ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 (በአገሩ አቆጣጠር ከ10፡00 እስከ 15፡30) በገላጣ ቦታ መሥራት የተከለከለ ነው።

2. ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይ ጨረርን አጣምሮ የሚለካው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ፣ በማንኛውም ሰዓት ሥራ ይቆማል። ይህ በስልካችሁ ከምታዩት የአየር ሙቀት የተለየ ልኬት ነው።

3. አሠሪው ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ በነፃ ያቀርባል።

4. ሙቀቱ ለጤናው እንደሚያሰጋው በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ ለሚኒስቴሩ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማራችሁም በ2017 በወጣው ሕግ ቁጥር 15 መሠረት ምግብ፣ ሕክምናና በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይገባችኋል።

ስለዚህ ውሃ የአሠሪ ቸርነት ሳይሆን የሠራተኛ መብት ነው። የተከለከለ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቦ ለሚኒስቴሩ ወይም ለጽሕፈት ቤታችን ያመልክት።